ሪሀና ከሸኹ ግንባር ላይ ያጠፋችው

ከሚሴ ፎቶ ልትነሱ ሪሀና ቤት ከገባችሁ አንድ ጥያቄ ሳትመልሱ አትወጡም። ካነሳቻችሁ በኋላ ፊታችሁን ኮምፒዩተሩ ላይ ታመጣና ስክሪኑን ወደ እናንተ አዙራ፣ «የቱን ልንካ፣ የቱን ልተው?» ትላለች። አንዳንዱ ይናደዳል። «ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ይላታል። እሷ ግን መልስ ካላገኘች ጣቷን አታንቀሳቅስም። ዛሬ የራሷ ስቱዲዮ አላት፤ ከባቲም ከሮቢትም ሙሽራ የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። ታዲያ ይህን አመል ከየት አመጣችው ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ሥራ የጀመረችው እኔ ቤት ነዋ። እኔ ደግሞ ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልበትም።

ማንጠግቦሽ እባላለሁ። ባለቤቴ በዛብህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመንገድ ሥራ መጥቶ አገሩን ወዶ የቀረ ሰው ነው። በ1985 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ከፈተ። ከጀርባ የሚሰቀለው ጨርቅ ላይ ፏፏቴ አሥሎበት ነበር፤ የሣለው ልጅ ፏፏቴ አይቶ ስለማያውቅ ውሃው ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ፊልሙ ሠላሳ ስድስቱ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ከዚያ ደሴ ተልኮ ይታጠባል። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ሳያዩ ልጅ ወለዱ ብላችሁ አትመኑኝም፣ ግን አንድ ጊዜ ደርሷል። በ1998 በዛብህ ሲያርፍ ካሜራውን የሚይዝ ጠፋ። እኔም ቤቱን ዘግቼ ከማለቅስ ብዬ ኮምፒዩተርና ፎቶኮፒ አስገባሁበት።

ሪሀና የመጣችው በ2001 ነው። የጨፋ ሮቢት ገበሬ የእንድሪስ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤቷ ለመሰናዶ አልበቃት ብሎ፣ ጽሕፈት ተምራ ሥራ ስትፈልግ እኔ ዘንድ ገባች። «አካም ጂርቱ፣ እትዬ» አለችኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ይህን ያህል ዘመን ተቀምጬ ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ሰላምታ ግን አያቅተኝም። ጣቷ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነበረች። አፍ ለሁለታችንም የሚበቃ እኔ ስላለኝ ቀጠርኳት።

ነገሩ የተጀመረው ኸይረዲን የሚባል የኮምፒዩተር ጠጋኝ አታሚውን ሊሠራ የመጣ ቀን ነው። ማንም ሳይጠይቀው ፎቶሾፕ የሚባለውን ጫነላት። መቁረጥ፣ ጀርባ መቀየርና ማብራት አሳያትና ሄደ። የቀረውን ራሷ ቆፍራ አወጣችው። መብራት ሲጠፋ የሞከረችውን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ መብራት ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የእንግሊዝኛው ስም አልያዝ ስላላት ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሷን ስም አወጣችለት። የተበላሸውን ወደ ኋላ የሚመልሰውን «አያ መላሽ» ትለው ነበር። እኔ ደብዳቤ የምታስተካክል መስሎኝ «ጎሽ» እላታለሁ፤ ለካስ የኔኑ የጉርድ ፎቶ እየቀደደች ትሰፋለች።

ያን ጊዜ ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤቴ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ይዛ መጥታ ነበርና ከሷ ገዛሁት። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ማን ይቻላት። ጠዋት ከሮቢት በሚኒባስ ስትመጣ መስኮቱን ከፍታ ታነሳለች፤ የጨፋን ሜዳ፣ ሣር ፍለጋ ከቆላ የወጣውን ከብት፣ ተሳፋሪውን ሳይቀር። «እትዬ፣ ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ነው የሚመጣው። የሰው ፊት ግማሹ ብቻ ይታያል፤ እሱ ግማሽ ከሙሉው ያምራል» ትለኛለች። እኔ ምን ገዶኝ፣ ፎቶኮፒውን አንሺ እላታለሁ። አንድ ሰኞ አስፈቅዳኝ ባቲ ገበያ ሄደችና አንዲት የአፋር ልጅ ከፍየሎቿ ጋር አንስታ መጣች። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። በማግስቱ ግን ሰማዩን ሐምራዊ አድርጋው አገኘሁ። «ባቲ ላይ ሐምራዊ ሰማይ የት ታይቶ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። አኮረፈች፤ ግን ለሁለት ቀን ሰማዩን ስታይ ከረመች።

ቀጥሎ ፎቶሾፑ ውስጥ አንዲት የቁስል ፕላስተር ሥዕል ያለባት መሣሪያ አገኘች። ፊት ላይ ያለ ጉድፍ ላይ ጠቅ ስታደርጋት ጉድፉ የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሚሴ ውስጥ ብጉር ጠፋ። ጠባሳ የለ፣ ማዲያት የለ፣ የፊት መጨማደድ የለ፤ ቀይ ያልነበረው ሁሉ ቀላ። አንዲት እናት የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው ተመልሰው፣ «የኔዋን ስጡኝ፤ ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉን። ስቀን ሸኘናቸው። ወጣቱ ግን ወደደው፤ ወረፋው በረንዳውን አልፎ ሄደ። ጥፋቱ የሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ባጠፋች ቁጥር «ጎበዝ» እያልኩ ያሞቅኳት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ አባቷ ልምጣ። እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም። በ2002 ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማሽላውን ጠራርጎ ወሰደበት። ታላቋ ልጁ ዓዲላ ጅዳ ናት፤ የቤታቸው ቆርቆሮ የሷ ላብ ነው። ሪሀናም እንደ እህቷ ትሂድ ብሎ ቆረጠ። ጥላ ሥር ተቀምጦ ጣት ማንቀሳቀስ ለሱ ሥራ አይደለም፤ ልጅቱ ሥራ እስክታገኝ የምትጫወት ነው የሚመስለው። ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ የምትሠራበት ቤት አገኘሁላት አለ፤ ፓስፖርቱም ወጣ። የፓስፖርቱን ፎቶ ያነሳኋት ደግሞ እኔ ነኝ፣ እጄን ይቁረጠውና። ሰው ራሱን አያነሳማ።

እሷ ምን አለች? «እሺ፣ አባ» ነዋ። ለአባቷ እሺ ብላ እኔ ቤት መጥታ ከፏፏቴው ጨርቅ ኋላ ገብታ አለቀሰች። እኔ ሲከፋኝ የማውቀው መቆጣት ነው፤ ተቆጣኋት። «ለሱ ለምን አትነግሪውም? ለጨርቅ ይለቀሳል?» አልኳት። «አባቴን ምን ብዬ፣ እትዬ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። የልጄን ያህል ሆናለች፤ ካጠገቤ ስትሄድ ሳስበው በዛብህን ሁለተኛ የምቀብር መሰለኝ።

እንግዲህ እንድሪስን የሚያዝ ሰው በጨፋ አንድ ብቻ ነው፤ ሸህ ሙሀመድኑር። እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ተጣልቶ እሳቸው ፊት የቀረበ ሳይታረቅ አይመለስም። እንድሪስን በልጅነቱ ቁርአን ያቀሩትም እሳቸው ናቸው። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሰምተው ሰምተው፣ «ኢንሻአላህ፣ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንድሪስን አነጋግረዋለሁ» አሉኝ። በዚያ ዓመት ሐጅ ሊሄዱ ስለነበር ቅዳሜ ለምዝገባው ጉርድ ፎቶ ይፈለግባቸው ነበር። ፎቶ መነሳት አይወዱም፤ ሕይወታቸውን ሙሉ የተነሱት ለመታወቂያ ብቻ ነው። እኔ አፌ አያርፍ፣ «እኛ ዘንድ ይምጡ፣ ሪሀና ታነሳዎታለች» አልኳቸው።

ረቡዕ መጡ፤ ተነሱ፤ ሐሙስ እወስዳለሁ ብለው ሄዱ። ሪሀና ከሰዓቱን ሙሉ ከዚያ ፎቶ ጋር ዋለች። የሕይወቷን ምርጥ ሥራ ልትሠራላቸው ነው ያሰበችው። ጽሕማቸውን አነጣች፣ ከዓይናቸው ሥር ያለውን እጥፋት አነሳች፣ ጉንጫቸውን አለሰለሰች። ከዚያ ያቺን ፕላስተር ይዛ ወደ ግንባራቸው ወጣች። ሸኹ ግንባራቸው መሀል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሱጁድ፣ ግንባር ምድር የሚነካበት ስግደት፣ ያሳረፈባቸው ጠቆር ያለ ምልክት አለ። አገር የሚያውቃቸው በሱ ነው። ሪሀና እጇ ለምዶ፣ ጉድፍ ሲያይ ራሱ ይሄዳል፤ ጠቅ አደረገችው፣ ጠፋ። በዋናው ፎቶ ላይ ደርባ አስቀምጣ ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲያ አያ መላሽም አይመልሰው። የካሜራውንም ሚሞሪ ለሐሙስ ሠርግ ብላ አጸዳችው። እኔም አየሁት። ሠላሳ ዓመት ወርዶላቸው ነበር፤ «ይመርቁሻል» አልኳት። ሰው ዓይን እያለው እንዲህ ይታወራል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የዚያ መስከረም ጉድ ከኔ ቤት ወጣ።

ሐሙስ ከቀትር በፊት መጡ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን አንስተው የራሳቸውን ግንባር ዳሰሱ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይህ ሰው ማን ነው?» አሉ።

«አንቱ ነዎት፣ አባባ» አለች ሪሀና።

«እኔ ግንባሬ ላይ ከወጣትነቴ ጀምሮ የተሰጠኝ ነገር አለ። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን የሰገደ አይመስልም።»

አልጮኹም። ቢጮኹ በወደድኩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀምጠው፣ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

እኔ ወዲያው ዘዴ ፈጠርኩ። «ምን ታለቅሺያለሽ፣ ጠቆር ያለ ነገር አድርጊበትና እንውሰድላቸው። የቀየርሽውን ሰማይ ያህል አይከብድሽም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በአንድ አፍታ ትሠራው ነበር። እንባዋን ጠረገች፣ ማውሱን ያዘች፣ ግንባራቸውን አቀረበች። ከዚያ እጇን አነሳች።

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ሱጁዱን የወረዱት እሳቸው ናቸው። እኔ በማውስ ብቀባው ውሸት ነው።»

«ነገ ጁምዓ ነው፤ አውቀሻል? እሳቸው ካልተናገሩልሽ እሑድ ደላላው ይወስድሻል።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስትቃወመኝ የመጀመሪያዋ ነው። በጥፊ ልላት አስቤ ነበር ብል አላፍርም። ደግሞ ውስጤን አንድ ኩራት ነገር ነካው፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ በዛብህ በሕይወት ኖሮ ይህችን ልጅ ቢያያት ብዬ ተመኘሁ። ካሜራዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች። የሠርጉን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቼ፣ ቤቱን ቆልፌ ተከተልኳት። እንደምታውቁት ምላሴን ይዤ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም።

ሮቢት ስንደርስ ሸኹ የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር ላይ ነበሩ። ከመስጊዱ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ሲወጡ አዩን፤ ፊታቸው አልተፈታም። ሪሀና ተነስታ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ሳልጠይቅዎት ነካሁት። ዋናውንም አጥፍቼዋለሁ፤ መመለስ አልችልም። መቀባት እችል ነበር፤ እሱን አልፈለግሁም። ከፈቀዱልኝ እንደገና ላንሳዎት።»

«ለምን ነካሽው?» አሉ።

እኔ ከኋላዋ ሆኜ «ሳታውቅ ነው፣ ልጅ ናት» ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«ደስ እንዲልዎት። ደስ ብሎዎት ለአባቴ እንዲነግሩልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ይነገራል? ሸኹ ግን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጽሕማቸውን ያዝ አድርገው ፈገግ አሉ። «ይቺስ መዋሸት አታውቅም» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። በኖራ የተለቀለቀው የመስጊዱ አጥር ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ሪሀና ዞር ዞር ብላ ብርሃኑን ካየች በኋላ ነጠላዬን አስወለቀችኝ፤ ዘርግቼ በጨለማው ጉንጫቸው በኩል እንድቆም አደረገችኝ፤ የነጠላዬ ንጣት ፊታቸውን እንዲያበራ ነው። ክንዴ እስኪዝል ቆምኩ። ለሦስት ፎቶ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትወስድ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ ቶሎ አንስታ ኮምፒዩተሩ ላይ ነው የምታስተካክለው። ስትጨርስ የካሜራውን ትንሽ መስኮት ይዛ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«የቱን ልንካ፣ አባባ?» አለቻቸው።

አይተው፣ አይተው፣ «ምንም አትንኪ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቆቤ ጠሟል። እሱን አቃኚው» አሉ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንድሪስ ቤት ተገናኘን። እኔ፣ ሸኹ፣ ሪሀናና አባቷ፤ ሌላ ሰው የለም። ፓስፖርቱ እንድሪስ ጉልበት አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሸኹ ስለ ጅዳ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከኪሳቸው የመጀመሪያውን ፎቶ አወጡ። ጠዋት ሪሀና ናት ከአዲሱ ጋር ጨምራ የሰጠቻቸው፤ ይጣሉት ወይም ያስቀምጡት ብላ።

«እንድሪስ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

እንድሪስ አየው። «አንቱን ይመስላል። ግን…» አለ።

«ልጅህ ናት የሠራችው።»

እንድሪስ ፊቱ ጠቆረ። ሊቆጣት ሲነሳ ሸኹ እጃቸውን አነሱ። «ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«መልክዎን ማበላሸቷ ነዋ።»

«መልኬንስ አሳምራዋለች፤ እኔስ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ጥፋቷ ሳትጠይቀኝ መንካቷ ነው። ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ይህች ልጅ ሰው መጠየቅ ከየት ትማር? እሷን ማን ጠይቋት ያውቃል? አንተ ጅዳ ትሂድ ስትል ጠይቀሃታል?»

«እሺ ብላለች፣ ሸኹ» አለ እንድሪስ።

«እሺ መልስ ነው። ጥያቄው የታለ?»

እንድሪስ ፎቶውን በእጁ እንደያዘ ነው፤ የሌለውን ምልክት የሚፈልግ ይመስል የፎቶውን ግንባር በአውራ ጣቱ ያሻል። ያ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያቀረቅር አይቼ አዘንኩለት። ክፋት አልነበረበትም፤ ጎርፉ፣ ቆርቆሮው፣ ዓዲላ፣ ሁሉም ባንድነት የተጫነው አባት ነው። ቀና አለና ወደ ልጁ ዞሮ በኦሮምኛ፣ «ማል ፌታ?» አላት፤ ምን ትፈልጊያለሽ ማለት ነው።

ሪሀና አልመለሰችም። ማንም ጠይቋት የማያውቅ ነገር ነውና መልሱን ከየት ታምጣው። እኔ ልመልስላት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ሸኹ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ዋጥኩት። በሕይወቴ ዝም ያልኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

«ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፣ አባ» አለች በመጨረሻ። «የሌሎቹ የሐጅ ተጓዦች ፎቶ ይቀረኛል።»

እንድሪስ ፓስፖርቱን ከምንጣፉ አነሳ። ለደላላው ሊያስቀምጠው መሰለኝ። እጇን ያዘና መዳፏ ላይ አስቀመጠው። «ያንቺ ነው፤ አንቺው ያዢው። መሄድ ያሰኘሽ ቀን ንገሪኝ» አላት። ሪሀና አቀርቅራ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ስደርስ ቤቱን ከፍታ ሥራ ጀምራ አገኘኋት።